ከሰርግ የተረፈው ፊልም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው፣ ነቀምቴ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ሲሬ ይደርሳል። ሲሬ በምሥራቅ ወለጋ የሲቡ ሲሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የአርሲዋ ሲሬ በስም ብቻ ነው የምትገናኛት። በዙሪያዋ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ኑግና በርበሬ የሚያመርት ገበሬ አለ፤ ከተማዋም እንደ ብዙዎቹ የወለጋ ከተሞች መንገዱን ተከትላ ያደገች ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ከሻይ ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱና ከልብስ ሰፊው መካከል ፎቶ ቤት አይጠፋም። መስኮቱ ላይ ሙሽሮች፣ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎችና ልደታቸው የተከበረላቸው ሕፃናት ተደርድረው ይታያሉ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሥራ የታወቀ ነው። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ይሄዳል፤ በምርቃት ሰሞን ቤተሰብ አሰልፎ ያነሳል። ይህ ሁሉ ሰው ያዘዘው፣ ሰው የከፈለበት፣ ሰው ይዞት የሚሄድ ሥራ ነው። ከዚህ ጎን ግን ሌላ ሥራ አለ፤ ማንም ሳያዘው፣ ከትዕዛዙ በተረፈው ፊልምና በተረፈው ሰዓት ፎቶ አንሺው ለራሱ የሚያነሳው። ብዙ ሰው ይህን የግል ሥራ ኑሮ የተደላደለለት ሰው የሚያደርገው ነገር አድርጎ ያየዋል። የሙያው ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ የግል ሥራ ያደገው እዚያው የቤተሰብ ፎቶ በሚነሳበት መጋረጃ ፊት፣ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ፊልም ነው። ለወለጋ ነገሩ ከሥነ ጥበብም ያልፋል። አካባቢው ራሱን በራሱ ዓይን ያየበት መዝገብ ካለ፣ ያለው በእነዚህ ፎቶ አንሺዎች እጅ ነው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከውጭ ሰዎች ጓዝ ጋር፣ ለእነሱ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ የፎቶግራፍ ቡድን አስከትሎ ነበር። ቡድኑ ለጦሩ ካርታና ንድፍ ያባዛል፤ የተራራውን አቀማመጥና የሰፈሩን ሁኔታ ያነሳል። ጦሩ ሲመለስ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ የ7 ዓመቱን ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። ከዚያ ከሁለት ወር ብዙም ሳይቆይ፣ በሐምሌ ወር፣ ሕፃኑ በእንግሊዟ የዋይት ደሴት በአንዲት ሴት ካሜራ ፊት ተቀመጠ።

ሴትዮዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ ሲሆን፣ የሰጧት ልጇና የልጇ ባል ናቸው። የዶሮ ቤቷን አጽድታ ስቱዲዮ አደረገችው። ቤተሰቧን፣ ሠራተኞቿን፣ ጎረቤቶቿንና እንግዶቿን እያስቀመጠች አነሳች፤ የጊዜው ባለሙያዎች ፎቶዎችሽ ጥርት ያሉ አይደሉም ብለው ነቀፏት፤ እሷ ግን በራሷ መንገድ ገፋች። ዛሬ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ስሟ ከቀደሙት ተርታ ነው። የዓለማየሁ ፎቶ እንደ ጥበብ ትልቅ ሥራ ነው፤ ፎቶውን ያየ ኢትዮጵያዊ ግን ወዲያው የሚያስተውለው ነገር አለ። ፎቶው እንዲነሳ የጠየቀ ከልጁ ወገን አንድም ሰው አልነበረም። አልበም ውስጥ የሚያኖረው ወላጅ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ዘመድ አልነበረም።

ወለጋም ከካሜራ ጋር የተዋወቀችው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው፣ በኋላም ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ አገሩን ሲያስተዳድሩ ነቀምቴ የነጋዴና የሚሲዮናዊ መዳረሻ ሆነች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጡ፤ በ1931 እዚያው አረፉ። የስዊድን ሚሲዮኖች ነቀምቴ ላይ፣ የጀርመን ሔርማንስበርግ ሚሲዮን ደግሞ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይራ ላይ ትምህርት ቤትና ሕክምና ከፈቱ። ሚሲዮናውያኑ ካሜራ ነበራቸው። ያነሱት ፎቶ ወደ አገራቸው ይላካል፤ ገንዘብ የሚያዋጡላቸው ምዕመናን ሥራው የት እንደደረሰ ያዩበታል። ለታሪክ ያቆዩልን ነገር ብዙ ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ፎቶው የተነሳላቸው ሰዎች ግን ያን ፎቶ በእጃቸው ለመያዝ የታደሉ ጥቂቶች ነበሩ።

አንድ ሌላ ካሜራ የያዘ ሰው ከሰማይ መጣ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ በሚባል ሜዳ አረፉ። ዓላማቸው የምዕራቡን ባላባቶች አግባብቶ ወለጋን ያለ ውጊያ መያዝ ነበር። ከመጡት አንዱ አንቶኒዮ ሎካቴሊ የቤርጋሞ ተወላጅ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነ አብራሪ ነበር። ሎካቴሊ ይስላል፣ ይጽፋል፣ ከሁሉም በላይ ፎቶ ያነሳል፤ ተራራና ከተማ ከአየር ላይ ያነሳባቸው ሥራዎቹ ዛሬም በትውልድ ከተማው ተጠብቀው አሉ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ አብዛኞቹ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች፣ ሰፈሩን ከበቡ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ አብሮ የመጣው ጣሊያናዊው ጄኔራል ማሊዮኮና ሎካቴሊ ከጓዶቻቸው ጋር ተገደሉ። ከመካከላቸው የተረፉት አባ ቦሬሎ የተባሉ ቄስ ናቸው።

ሎካቴሊ ከጦር ሥራው ጎን የራሱን የጥበብ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር፤ በዚህ ከዛሬው ፎቶ አንሺ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የአንድ ፎቶ ትርጉም የሚወሰነው አንሺው ባለው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ከማን ጋር ሆኖ፣ በማን ጥያቄ እንዳነሳውም ይቆጠራል። የወለጋ ሰው በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በመረጠው ልብስ ካሜራ ፊት የቆመው ፎቶ ቤት ሲከፈት ነው።

ፎቶ ቤት በአዲስ አበባ የአርመኖች ታሪክ አለበት። በድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ፤ ቶርኮም የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሠራ። አንድ ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን ነገሥታት መልክ ያዘ ማለት ነው። የቦያጂያኖች ሥራ ዛሬም ድረስ በመጻሕፍት ውስጥ የሚታይበት ምክንያት ንጉሥ ስላነሱ ብቻ አይደለም። የጊዜው ካሜራ ዘገምተኛ ነበርና ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት፤ ያን መቆየት ወደ ግርማ የመቀየር ችሎታ ነበራቸው። በየከተማው ፎቶ ቤት እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይስቁ መነሳት ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ልማድ ነው፤ መኳንንቱ ከተነሱባቸው ፎቶዎች ጋር ያለውን ዝምድና ያየ ሁሉ ይለየዋል።

ወደ ትንንሽ ከተሞች ሙያውን የገፋው ወረቀት ነው። መንጃ ፈቃድ ፎቶ ይፈልጋል፤ የትምህርት ቤት ፈተና መግቢያ ካርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ መሥሪያ ቤት የሚያመለክት ሰው ማመልከቻው ላይ ጉርድ ይለጥፋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች በአዋጅ ከተቋቋሙ በኋላ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ የከተማ ነዋሪ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ከገጠር ቀበሌ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ገበሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የሚነሳው በመንግሥት ወረቀት ምክንያት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ካሜራ ፊት ከተቀመጠ በኋላ ግን ሐሳቡ ይሰፋል። ጉርዱን ከተነሳ ላይቀር ሚስቱን ጠርቶ አብረው ይነሱ፤ ልጆቹንም ያምጣ። ለመታወቂያ የተጀመረው ጉዳይ በቤተሰብ ፎቶ ያልቃል።

የፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ነው። በር ላይ መስታወትና ማበጠሪያ አለ። ኮት ላልያዘ ሰው ኮት፣ ክራባት ላላሰረ ክራባት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከወንበሩ ጀርባ በእጅ የተሳለ መጋረጃ ይወርዳል፤ ሐይቅ፣ ዘንባባ፣ አንዳንዴም ባለ ፎቅ ቤት። በወንበሩ አጠገብ የላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ተነሺው ሰዓት ካለው እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ያሳያል፤ እስክሪብቶ ካለው ደረት ኪሱ ላይ ይሰካል። ፎቶ አንሺው አገጭ በጣት ቀና ያደርጋል፣ ነጠላ ያስተካክላል፣ እናትን ወንበር ላይ አስቀምጦ አባትን ከጎን ያቆማል። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራ ሰውን ማየት ያስተምራል። ብርሃን ከየት ሲመጣ ፊት እንደሚከብድ፣ ከየት ሲመጣ እንደሚፈካ፣ ዓይን አፋር ሰው በስንተኛው ደቂቃ ትከሻውን እንደሚለቅ ፎቶ አንሺው ያውቃል። ማንም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይህን ያህል የመለማመጃ ሰው ሊሰጠው አይችልም።

በፊልም ዘመን የግል ሥራ የሚጀመርበት ቦታም የታወቀ ነበር። ፎቶ አንሺው 36 የሚያወጣ ፊልም ካሜራውን አጉርሶ ሰርግ ይሄዳል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ሚዜዎቹ ሲሰለፉ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እያነሳ በልቡ ይቆጥራል፤ ምክንያቱም ፊልምም ማጠቢያም ወረቀትም ገንዘብ ነው። ሰርጉ ሲያበቃ የካሜራው ቁጥር 30 ወይም 31 ላይ ይቆማል። የቀረውን ሳይጠቀም ፊልሙን ቢያወጣው ያ ሁሉ ይባክናል፤ ሌላ ደንበኛ እስኪመጣ ቢያቆየው ሙሽሮቹ ፎቷችን የት ደረሰ ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ የቀሩትን አምስት ስድስት ይጨርሳቸዋል፤ የእናቱን ቡና ማፍላት፣ ደጃፉ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች፣ ዝናብ የመታውን የገበያ ሜዳ፣ አንዳንዴም ራሱን። ፊልሙ ጨለማ ክፍል ገብቶ ታጥቦ ሲወጣ በአንድ ሰቅ ላይ የሰው ሰርግና የአንሺው ዓለም ጎን ለጎን ይሆናሉ። ሙሽሮቹ ፎቷቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ኔጋቲቩ ከነተረፈው ፎቶ ቤቱ ይቀራል።

እንዲህ ከተረፈ ፊልም ከአፍሪካ ታላላቅ የፎቶግራፍ ሥራዎች አንዱ ወጥቷል። ሳሙኤል ፎሶ በ1962 እ.ኤ.አ. ካሜሩን ውስጥ ተወለደ፤ ልጅነቱን ናይጄሪያ አሳለፈ፤ የቢያፍራ ጦርነት ካለፈ በኋላ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ገብቶ በ1975፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ቀን ጉርድና የቤተሰብ ፎቶ ያነሳል። ማታ ፊልሙን ለመጨረስ ራሱን ያነሳል፤ ልብስ እየቀያየረ፣ መነጽር እያደረገ፣ በመጋረጃው ፊት እንደ ዘፋኝ እየቆመ። ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹን ደህና መሆኑን እንድታይ ለአያቱ ወደ ናይጄሪያ ይልክላታል። እነዚህ ፎቶዎች ለሃያ ዓመት ያህል ከቤተሰብ ያለፈ ተመልካች አላገኙም። በ1994 ማሊ፣ ባማኮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ሲታዩ ግን ፎሶ በአንድ ጊዜ በዓለም ታወቀ። በ2023 የዶይቸ ቦርዘ የፎቶግራፍ ሽልማትን አሸነፈ።

የፎሶ ታሪክ ሁለተኛ ገጽ አለው። በ2014 ባንጊ በጦርነት ስትታመስ ቤቱ ተዘረፈ፤ ኔጋቲቮቹና ፎቶዎቹ ደጅ ተበተኑ። በከተማው የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ደርሰው የቻሉትን ሰበሰቡለት። የአርባ ዓመት ሥራ ለመጥፋት የቀረው የአንድ ቀን ዕድሜ ነበር።

ሴይዱ ኬይታም የቤተሰብ ፎቶ አንሺ ነበር። አጎቱ በ1935 እ.ኤ.አ. ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ሰጠው፤ በ1948 ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ከፈተ። የመጀመሪያው መጋረጃው የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። የባማኮ ሰው ቅዳሜና እሑድ ምርጥ ልብሱን ለብሶ ይሰለፍለት ነበር። ኬይታ የልብሱን አበባ ከመጋረጃው አበባ ጋር እያጋጨ የሠራቸው ፎቶዎች ዛሬ በዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ነገር ግን በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ሥራዎቹ መጀመሪያ ሲታዩ አንሺው አልታወቀም ተብሎ ነው የተጻፈባቸው። ሰውየው በዚያ ጊዜ ባማኮ ውስጥ በሕይወት ነበር። በኋላ ተፈልጎ ሲገኝ ኔጋቲቮቹን በጥንቃቄ አኑሯቸው ነበር፤ በ1994 ፓሪስ ላይ በስሙ ኤግዚቢሽን ተከፈተለት። ስሙ የተመለሰለት ኔጋቲቩን ስላልጣለ ነው።

ትንሽ ከተማ ውስጥ መኖርም ለዚህ ሥራ እንቅፋት ሆኖ አያውቅም። አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ ሄበር ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ማይክ ዲስፋርመር የሚባል ሰው እስከ 1959 እ.ኤ.አ. ድረስ በርካሽ ዋጋ የቤተሰብ ፎቶ ያነሳ ነበር። ያጌጠ መጋረጃ አልፈለገም፤ ገበሬውን በሥራ ልብሱ ባዶ ግድግዳ ፊት ያቆመዋል። ከሞተ በኋላ በሳጥን ተቀምጠው የነበሩ የመስታወት ኔጋቲቮች በ1970ዎቹ ሲገኙ አንድ ሙሉ ከተማ ፊት ለፊት ታየ፤ ወደ ጦርነት የሚሄዱ ወንድማማቾች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ እህትማማቾች፣ ሕፃን የታቀፉ አያቶች። ዲስፋርመር የትም አልሄደም። የሥራው ኃይልም ከዚያ ነው፤ ለዓመታት አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ሕዝብ አየ።

በኢትዮጵያ የትዕዛዝ ሥራ ውስጥ የራሱን መዝገብ ያቆየ ሰው ሲነሳ ሽመልስ ደስታ ሊዘለል አይችልም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት ሥራ ጀመረ። የንጉሡን ግብዣና ጉብኝት፣ የአገር መሪዎችን አቀባበል አነሳ፤ ከአብዮቱም በኋላ በዚያው ሙያ ቀጥሎ በ1982 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ያቆያቸው ፎቶዎች በኋላ በለንደን ለሕዝብ ታይተዋል። ሲነሱ የሥራ ግዴታ ነበሩ፤ ዛሬ የአንድ ዘመን መጨረሻ የሚታይባቸው ናቸው።

ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ የቤተሰብ ፎቶን ራሱን ለግል ሥራው ጥሬ ዕቃ አደረገው። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ በ2002 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ወደ ካሜራ ዞረ። ከሥራዎቹ አንዱ በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ ፎቶዎችን ያነሳበት ነው። ቤተሰብ ለሟቹ የመረጠው ፎቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶ ቤት የወጣ ጉርድ፣ በዝናብና በፀሐይ እየደበዘዘ፣ እየተላጠ፣ የፊቱ ግማሽ እየጠፋ ይታያል። ፎቶ ቤት ያነሳው ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ተነሳ፤ በሁለቱ መካከል ያለፈው ዘመን ራሱ ሥዕል ሆነ።

ግርማ በርታ ደግሞ በስልኩ ተነሳ። በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉትን፣ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ነጠላ ያጣፋችውን እናት አንስቶ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። ጥላቸው ብቻ አብሯቸው ይቀራል። በዚህ ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ ተሸላሚ ሆነ። የፎቶ ቤት መጋረጃን የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ ሲያይ ዝምድናው ይገባዋል። ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ክብር ያለው ጀርባ ተሰጥቶታል።

አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የኢትዮጵያን ፎቶ አንሺዎች ሥራ ከሌላው ዓለም ሥራ ጎን ሰቀለ። ፊሊፕ ሹትዝ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ደግሞ ከቤተሰብ አልበሞች የድሮ ፎቶ እየሰበሰቡ በ2018 እ.ኤ.አ. የድሮዋን አዲስ አበባ የሚያሳይ መጽሐፍ አሳተሙ። የሰበሰቡት በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ነው፤ ፒያሳ ቆመው የተነሱ ጓደኛሞች፣ አጭር ቀሚስ የለበሱ እህትማማቾች፣ አዲስ መኪና ላይ የተደገፈ አጎት። በመጽሐፉ የታየችው ከተማ አዲስ አበባ ናት። ነቀምቴ፣ ባኮ፣ ሲሬ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ የራሳቸው መሳቢያ አላቸው።

ወለጋ ውስጥ ደግሞ የመሳቢያው ነገር አጣዳፊ ሆኗል። ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ቤትና ንብረት ተቃጥሏል። ሌሊት ልጅ አዝሎ የሚሸሽ ሰው አልበም አያነሳም። እንዲህ ባለ ጊዜ የአባት መልክ የሚገኘው ምናልባት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ጉርድ በተነሳበት ፎቶ ቤት፣ በካርቶን ውስጥ በተቀመጠ ኔጋቲቭ። ያን ካርቶን ያልጣለ ፎቶ አንሺ ለአካባቢው የሠራው ውለታ በገንዘብ አይተመንም። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ግን ብዙ ካርቶን ተጥሏል፤ ኔጋቲቭ ቦታ ይይዛል፣ ይሻግታል፣ የሚጠይቀውም የለም ተብሎ።

ዲጂታል ካሜራ የተረፈውን ፊልምም አጠፋው። ካርዱ ውስጥ ሺህ ፎቶ የሚገባ ከሆነ የሚተርፍ የለም፤ የሚቆጠር የለም፤ ለመጨረስ ተብሎ የሚነሳ የለም። ኮዳክ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት የፊልም ዘመን ማብቃቱ በይፋ ታወቀ። በፎቶ ቤቱ የተሳለው መጋረጃ ተጠቅልሎ ጥግ ቆመ፤ በምትኩ ፎቶሾፕ ላይ ፏፏቴና ቪላ ይመረጣል። አሁን ደግሞ ጉርድ ፎቶ ራሱ እየቀነሰ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ሲወጣ ፊትም አሻራም ዓይንም እዚያው መዝጋቢው ጋ ይወሰዳል፤ ፎቶ ይዞ መሄድ የለም። ሰርጉንም እንግዳው ሁሉ በስልኩ ያነሳል። የቤተሰብ ፎቶ አንሺ ሆኖ ለመኖር ፎቶ አንሺው ከስልኩ የማይገኝ ነገር ማምጣት አለበት፤ ያ ነገር ደግሞ የራሱ ዓይን ነው። ከዚህ በፊት ለትርፍ ሰዓት የተተወው የግል ሥራ አሁን የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

የግል ሥራ ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። ለመስቀል ሰሞን ወለጋ ውስጥ አንጮቴ የተባለው ሥራሥር ይቆፈራል፤ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ በቅቤ ይቀርባል። አንድ የሲሬ ፎቶ አንሺ ለአሥር ዓመት በየመስከረሙ ያንኑ ጓሮ፣ ያንኑ ቤተሰብ፣ ያንኑ ሥራ ቢያነሳ እናቶች ሲያረጁ፣ ልጆች ሲያድጉ፣ ጓሮው ሲጠብ ወይም ሲሰፋ በተከታታይ ይታያል። ሌላው ከዓመታት በፊት ሰርጋቸውን ያነሳላቸውን ጥንዶች እንደገና ቤታቸው ሄዶ፣ ያኔ በቆሙበት አቋቋም ሊያነሳቸው ይችላል። ሦስተኛው በርበሬ የሚለቅሙትን፣ አራተኛው የነቀምቴ መንገድ ሾፌሮችን። እነዚህን ከውጭ የመጣ ፎቶ አንሺ ሊሠራቸው አይችልም፤ አሥር መስከረም አይጠብቅም፣ ሰርጉም ላይ አልነበረም። የቤተሰብ ፎቶ አንሺው ግን በሩ ክፍት ነው፤ ቡና ይፈላለታል፣ ስሙ ይታወቃል፣ እናቶች ልጄ ይሉታል። ያን እምነት ያገኘው በትዕዛዝ ሥራው ነው።

እምነቱ ግዴታም አለበት። ለመታወቂያ የተነሳ ሰው ፊቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልተስማማም። የድሮ ኔጋቲቭ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ባለቤቱን፣ ባለቤቱ ከሌለ ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል። የዓለማየሁ ፎቶ ላይ የጎደለው ይኸው ነበርና፣ የሲሬው ፎቶ አንሺ ሊያሟላው ይችላል፤ ተነሺዎቹ ጎረቤቶቹ ናቸው።

መሰብሰቢያ ቦታም አለ። ነቀምቴ ውስጥ የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከየከተማው ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ ተረክቦ በስካነር ማንበብ፣ በእጅ የተሳሉትን መጋረጃዎች ከመቀደዳቸው በፊት ማኖር፣ አረጋውያኑን ፎቶ አንሺዎች አስቀምጦ የትኛው ሰርግ የማን እንደሆነ መጠየቅ፣ የታሪክ ተማሪዎች በአንድ ክረምት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የአንሺው ስም፣ የከተማው ስምና ዓመተ ምሕረቱ መጻፍ አለበት፤ ሴይዱ ኬይታ በሕይወት እያለ አንሺው አልታወቀም የተባለበት ስህተት እዚህ እንዳይደገም። የመጀመሪያው ኤግዚቢሽንም ለንደን ወይም ፓሪስ ከመድረሱ በፊት ነቀምቴ ላይ ቢከፈት ጥቅሙ ብዙ ነው። እዚያ ተመልካቹ ፎቶው ውስጥ አክስቱን ይለያል፤ ከጎኗ የቆመችው ማን እንደሆነች፣ ሰርጉ በየትኛው ዓመት እንደነበር፣ ልብሱን ማን እንደሰፋው ቆሞ ያስጽፋል።